በቀኝ ጎማ የተከሰሰው ሹፌር

ነሐሴ 5

የኳየራችን ሚኒባስ ዛሬ ከዱቦ ስትመለስ ቀንዱን እንደተያዘ ፍየል ጮኸች። ሱቄ ውስጥ ጨርቅ እየለካሁ ነበር፤ ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። ገበያው ሁሉ ሰማ። ማዶ ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች ሚኒባሷን እኔ የወለድኳት ይመስል ዞረው አዩኝ። ኃጢአቴ የመኪና ኮሚቴው ጸሐፊ መሆኔ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ለዝማሬ ድምፅ ያልተሰጠው ሰው ኮሚቴ ይሰጠዋል።

ሹፌሩ ወንድም ኤርካሎ ወርዶ የቀኙን የፊት ጎማ በእጁ ጀርባ ነካ። ነክቶም ፈጥኖ ሳበ።

"እህት ወይንሸት፣ ይህ ጎማ ቂጣ ይጋግራል።"

ሰውየው በቀን ከሦስት ዓረፍተ ነገር በላይ አያወጣም። አንዷን ለእኔ ስለመጸወተ አመሰገንኩት። ሁለተኛዋንም ጨመረልኝ፦

"ወደ ቀኝ ትስባለች፤ መሪውን ብለቀው ቀጥ ብላ ሱቅሽ ትገባለች።"

"ትግባ! ቀሚስ እለካላታለሁ።"

አልሳቀም። ሦስተኛዋን ለራሱ አስቀርቶ ሄደ።

የመሳቡን ነገር ከሰኔ ጀምሮ ለኮሚቴው ሲነግረን ከርሟል። ኮሚቴው የሰጠው መልስ "በጸሎት እናስብበት" የሚል ነበር። አሁንም እያሰብንበት ነው።

ነሐሴ 8

ጋራዥ ዋልኩ። ቀሚሴ ግራሶ፣ ጫማዬ ጭቃ።

መካኒኩ ደገፉ ሚኒባሷን በክሪክ አንስቶ የፊት ጎማዎቿን ፈታ። ዛሬ አንድ ነገር ተማርኩ። ለካ እያንዳንዱ የፊት ጎማ ሁለት የፍሬን ሸራ አለው፤ ሁለቱ ከውስጥና ከውጭ ሆነው ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ እንደ ሁለት መዳፍ ጨምቀው ያቆሙታል። የግራው ጎማ ሁለቱም ሸራዎች ወፍራም ናቸው። የቀኙ የውጭው ሸራም ጥጋበኛ ነው። የቀኙ የውስጠኛው ግን አልቆ ብረቱ ብረት ሲበላ ከርሟል። የፍየሏ ድምፅ ያ ነበር።

"ምን አመጣው?" አልኩት ደገፉን።

ስልክ ላይ ነበር። ስልኩን በትከሻው እንደያዘ "ሹፌሩ ፍሬን ላይ ተኝቶ እየነዳ ይሆናላ" ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ከሚስቱ ጋር ነበር የሚያወራው፤ ስለ እኛ መኪና የተናገረው በሁለት "እሺ የኔ እመቤት" መካከል ነው።

የኮሚቴው ሊቀመንበር ወንድም ትግሉ ግን ከኋላዬ ቆመው ነበር። ጆሯቸው ቀና ሲል አየሁት።

አዲስ ሸራ ተገጠመ፤ ጩኸቱ ጠፋ። ሊቀመንበሩ ወደ ቤታቸው የሄዱት እያፏጩ ነው። ደግ ሰው ናቸው፤ ሲያፏጩ ግን ያስፈሩኛል።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ከአምልኮ በኋላ አስቸኳይ ስብሰባ። ወንድም ትግሉ የከፈቱት ጸሎት ከአዳም ተነሥቶ የፍሬን ሸራ ላይ ሲደርስ ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር። ከዚያ ተናገሩ። "ወገኖቼ፣ የመካኒኩ ቃል ግልጽ ነው። ወንድማችን ፍሬን ላይ ይተኛል። ነፍስ የሚጭን ሰው ነቅቶ ነው የሚነዳው።"

"ተኝቶ ማለታቸው እግሩን ሳያነሳ ለማለት ነው" አልኩ።

"እሱም ቢሆን እንቅልፍ ነው፤ የእግር እንቅልፍ።"

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። የእግር እንቅልፍ! እንዲህ ያለ ጥልቅ ቃል ከተባለ በኋላ ማን ይከራከራል? ወንድም ኤርካሎ "ለጊዜው ይረፍ" ተባለ። በእኛ ቋንቋ "ለጊዜው" ማለት እስከ ጌታ ምጽአት ነው። የሊቀመንበሩ የወንድም ልጅ ሳሚ ደግሞ፣ በአጋጣሚ፣ መንጃ ፈቃዱን ኪሱ ውስጥ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጌታ እንዴት ያዘጋጃል!

እኔ ጻፍኩ። ጸሐፊ አይደለሁ? የተባለውን ሁሉ አሳምሬ ጻፍኩ። በሱቄ በአንድ ስንዝር ጨርቅ ግማሽ ቀን የምከራከር ሴት፣ ዛሬ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በኋላ ምላሴ የት ሄደ?

ነሐሴ 12

ኤርካሎ ቁልፉን ሱቄ አመጣ። ከጨርቁ ላይ ሳይሆን ከእንጨቱ ላይ አስቀመጠው፤ ጨርቄን እንዳያቆሽሽ።

"ወደ በዴሳ፣ እህቴ ጋ እሄዳለሁ።"

"ምን ልታደርግ?"

"ቦይና እኮተኩታለሁ። ቦይና ሰው አይከስም።"

ጎደሬውን ማለቱ ነው። የዛሬውን ድርሻ ጨረሰ። "ቆይ" ማለት ነበረብኝ። "ሻንጣ ትፈልጋለህ?" ነው ያልኩት። ሻንጣ! እኔ ሻንጣ እሸጣለሁ እንዴ?

ነሐሴ 16

ዝናብ። ገበያተኛ የለም። ለማሰብ የተመቸ ቀን፤ ስለዚህ አሰብኩ።

ፔዳሉ አንድ ነው፤ የኤርካሎም ቀኝ እግር አንድ ነው። ያንን ፔዳል ሲረግጡት ለግራውም ለቀኙም እኩል ነው የሚደርሰው። ታዲያ ሰውየው ፍሬን ላይ ቢተኛ አራቱም የፊት ሸራዎች እኩል ያልቁ ነበር እንጂ፣ የአንዱ ጎማ አንድ ጉንጭ ብቻ እንዴት ይመነምናል? ወጥ ያነሰው ሰው ሳህኑን በሙሉ ይጠርጋል እንጂ ከጥጉ አንዲት ጉርሻ ቆርሶ ሌላውን አይተውም።

ደገፉ ጋ ሄጄ ይህን ነገርኩት። ዛሬ ሚስቱ ስላልደወለች አዳመጠኝ። ጭንቅላቱን አከከ። "እውነትሽን ነው እህት ወይንሸት፤ የሆነ ነገር ይይዘዋል። ሚኒባሷ እንደገና ስትመጣ ፈትቼ አያለሁ።"

"ለሊቀመንበሩ ንገርልኝ።"

"እኔ መካኒክ ነኝ፤ ከሽማግሌ ጋር አታጣይኝ።"

የወጡትን አሮጌ ሸራዎች ከቆሻሻው ክምር ለቃቅሜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ለፍትሕ ስል ነው። ማንም ሹፌር ቢሆን እንዲሁ አደርግ ነበር። ማንም።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ውርደት።

ጉባኤው ተንበርክኮ፣ ትንኝ እንኳን በማይሰማበት ዝምታ፣ ቦርሳዬ ከወንበሩ ተንሸራቶ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። አራት ብረት! ድምፁ ጣሪያው ድረስ ደረሰ። ከፊቴ ያሉት እናት "ኢየሱስ!" አሉ፤ ጸሎት ይሁን ድንጋጤ አልለየሁትም።

ከአምልኮ በኋላ ወንድም ትግሉ ጠጋ አሉኝ። "እህት ወይንሸት፣ ምን ተሸክመሽ ነው የምትዞሪው?"

"ማስረጃ።" እዚያው ደረጃው ላይ ወፍራሙንና ቀጭኑን ሸራ ጎን ለጎን ይዤ አስረዳኋቸው። የሳህኑንም ምሳሌ ጨመርኩ። ትኩር ብለው አዩኝ እንጂ ሸራዎቹን አላዩም።

"ወንድማችንን በጸሎትሽ አስቢው" አሉኝ በለሰለሰ ድምፅ፣ የሞተበት ሰው እንደሚያጽናኑ።

ከኳየር ሴቶች አንዷ ስትንሾካሾክ ሰማሁ፦ "የሰው ፎቶ የሚይዙ አይቻለሁ፤ የሰው ፍሬን የያዘች ግን ይቺ የመጀመሪያ ናት።" ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ የሚስቁት በሌላ ሰው ይመስል።

ነሐሴ 24

ሳሚ ጥሩ ልጅ ነው። ይህን መጻፍ አልፈለግሁም፣ ግን ነው። አሮጊቶችን ደግፎ ያሳፍራል፤ በሰዓቱ ይመጣል፤ ስልክ እያወራ አይነዳም። ሚኒባሷም አትጮህም። በሱቄ በር ስታልፍ ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ፤ ጸጥ። መኪና ስለማይጮህ ያዘንኩ ብቸኛዋ የሶዶ ነዋሪ እኔ ነኝ።

ምናልባት ኤርካሎ በእውነት ፍሬን ላይ ይተኛ ይሆን? ሰው በቀን ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ የሚናገረው ሌላውን ጊዜ ተኝቶ ከሆነስ?

ይህን በመጻፌ አፈርኩ። ለመሰረዝም ሰነፍኩ። ይቀመጥ፤ ይቅጣኝ።

ጳጉሜን 2፣ እሑድ

ጮኸች!! እግዚአብሔር ይመስገን። (ስለዚህ ምስጋና ወዲያው ይቅርታ ጠይቄያለሁ።)

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልሆነም። ኳየሩ በዴሳ ሊዘምር ወርዶ ነበር። ሳሚ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ሚኒባሷን ከሱቄ በር አቁሞ፣ ሰዎቹ እስኪበተኑ ጠብቆ ገባ።

"እህት ወይንሸት፣ ቁልቁለቱ ላይ ወደ ቀኝ ጎተተችኝ። ወደ ገደሉ። ጎማው ይሸታል። ፔዳሉም ትንሽ ሰመጠ። እነሱ ከኋላ እየዘመሩ ነበር፤ ምንም አላወቁም።"

"ከመጀመሪያውም ትስብ ነበር?"

"ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ።"

"ለምን ዝም አልክ?"

"አጎቴ የኤርካሎን እግር ሰደበ፤ የእኔንም እንዳይሰድብ ፈራሁ።"

ልጁን ውኃ አጠጣሁት። ሹፌሩ ተለወጠ፤ እግሩ ተለወጠ፤ ሸራው ተለወጠ። ያልተለወጠው ያው ጎማ ብቻ ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ? ሆኖም ማሸነፌን ሳስብ ቁልቁለቱ ዐይኔ ላይ ይመጣል፤ ከኋላ እየዘመሩ። በጊፋታ ደግሞ በሙሉ ኳየር ያንኑ መንገድ ልንወርድ ነው። የዘመን መለወጫችንን በገደል እንዳናከብር።

ሳሚ ራሱ ለአጎቱ እንደሚነግር ቃል ገባልኝ። ነገራቸውም። ወንድም ትግሉ ዛሬ ሲያፏጩ አልተሰማም።

መስከረም 3

ኮሚቴው በሙሉ ጋራዥ ተገኘ። ጸሎቱ አጭር ነበር፤ ጭቃ ላይ ቆሞ ረጅም አይጸለይም።

ደገፉ የቀኙን ጎማ ፈታ። የውስጠኛው አዲስ ሸራ ግማሹ የለም፤ የውጭው እንደተገጠመ ነው። ሁለቱን የሚያስጨብጠውን ብረት፣ ካሊፐር የሚሉትን፣ ያዘና ሊያንሸራትት ሞከረ። ንቅንቅ የለም። በመዶሻ መታው። የለም።

"ይህ ብረት በሁለት ፒን ላይ ወዲያ ወዲህ መሄድ አለበት" አለ። "ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ሲገፋ፣ ይህኛው ተንሸራቶ የውጭውን ይዞት ይመጣል። አሁን ተጣብቋል። ስለዚህ የውስጡ ብቻውን ይለፋል፤ ሲለቁትም አይመለስም።"

"አንድ እጅ አያጨበጭብም እንደሚባለው" አልኩ።

"ምን አጣበቀው?" አሉ ሊቀመንበሩ።

ደገፉ የክረምቱን ጭቃ ፍቆ ቤንዚን አፈሰሰበት፤ በብሩሽ አሸው። ጥቁሩ ቆሻሻ ሲወርድ መጀመሪያ ቀይ ታየ። ከዚያ ቢጫ። ከዚያ ጥቁር፣ አሁን የቆሻሻ ሳይሆን የቀለም። መስመር መስመር ያለ፣ ያማረ፣ የባህል ልብሳችን ዱንጉዛ!

ዝናቡ ብቻ ቆርቆሮው ላይ ያወራ ነበር።

አምና ለጊፋታ ሚኒባሷን እንደ እኛ ዱንጉዛ እናልብሳት ብሎ የወሰነው ይኸው ኮሚቴ ነው። ሠዓሊው የቀባው የቀኙን ጎን ነው፤ በሩ በቀኝ ነው፣ ተቀባዩ ሕዝብ የሚሰለፈው በቀኝ ነው፣ ፎቶው የሚነሳው በቀኝ ነው። ቀለም ሲተርፈው ደግሞ የፊቱን ጎማ ፈታና "ውስጡም ይመር" ብሎ ካሊፐሩን ከነፒኑ፣ ከነመንሸራተቻው አለበሰልን። ስታልፍ በጎማው ቀዳዳ ሲያብለጨልጭ ያየ ሁሉ አጨበጨበ። ከሁሉ አስበልጣ እልል ያለችው ሴት ስሟን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፤ ጨርቅ ትሸጣለች።

ኤርካሎ ያን ሳምንት እህቱ ታማ በዴሳ ነበር። የተረከባት ለብሳ ነው።

ደገፉ ቀለሙን ይፍቃል፤ የፒስተኑንም ጎሚኒ ይለውጣል። ዕቃው ከሐዋሳ ይመጣል።

መስከረም 4፣ እሑድ

ስብሰባ። ጥፋተኛ ፍለጋ። ጥፋቱ የአንድ ሰው ሲሆን ስም ነበረው፤ የሁላችን ሲሆን ወንድም ትግሉ "የጠላት ሥራ ነው" አሉ።

"ጠላት ብሩሽ ይዞ አላየሁም" አልኩ። "ብሩሹን የገዛነው እኛ ነን። የሰውየውን እግር ሰድበናል፤ እግሩ ንጹሕ ነው። ተሰብስበን ከሰስነው፤ ተሰብስበን ይቅርታ እንጠይቀው።"

ምላሴ ተመለሰ! አንድ ወር ዘግይቶ፣ ግን ተመለሰ።

ሊቀመንበሩ ከወንበራቸው ተነሡ። ከዚያ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ "ቂም ይዞ ጊፋታን መሻገር የለም። እኔ ራሴ እሄዳለሁ" አሉ። ሽማግሌዎች ተመረጡ። ጸሐፊም አብራ እንድትሄድ ተወሰነ። ሐሳቡን ማን እንዳቀረበው ትዝ አይለኝም።

መስከረም 12

በዴሳ። እስከ ከተማው በሰው ሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር። ሊቀመንበሩ ምርጥ ዱንጉዛቸውን ለብሰው ሞተር ላይ ሲንገጫገጩ፣ የተማረከ ንጉሥ መስለዋል።

የኤርካሎ እህት እልፍነሽ በሩ ላይ ቆማ መጣንባት። ሽማግሌዎቹን አየች፤ እኔን አየች፤ አዲሱን ሻርፔን አየች።

"ሳሮ፣ ሳሮ! ግቡ። ግን እንዴት ነው? በእኛ አገር ሽማግሌ የሚልከው ወንዱ ነበር፤ ሶዶ ተለወጠ?"

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። እኔ የመኪና ጉዳይ መሆኑን አብራራሁ። በጣም ረጅም አብራራሁ።

ኤርካሎ ከጓሮ መጣ፤ መሪ የለመደው እጁ ጭቃ ነው። ወንድም ትግሉ ተነሥተው፣ ያለ አዳም፣ ያለ መግቢያ፣ "በድለንሃል ወንድሜ፤ ያጠፋነው እኛ ነን" አሉ። ከዚህ በኋላ እኚህን ሰው ለማማት ይከብደኛል። እሞክራለሁ።

"ይቅር ብያለሁ" አለ ኤርካሎ። ወዲያው አለ። ተቃቀፉ። "መኪናውን ግን አልነዳም።"

ለመኑት። ቦይና በዳጣ ቀረበልን፤ በላን፤ እንደገና ለመኑት። ልንሄድ ስንል ወደ ጓሮው ተመልሶ ነበር። አጠገቡ ሄድኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሦስት ቀን ያጠናሁት፣ ቀልድም ያለበት። ጠፋኝ።

"ደገፉ ካሊፐሩን ፈቶታል" አልኩ። "ዓርብ ይገጥምና ለበዓል አገሩ ይገባል። የፍሬኑን አየር ሳሚ ነው ቅዳሜ የሚያወጣው።"

መኮትኮቱን ቆም አደረገ። "ፔዳሉን ማን ይረግጣል?"

"ሊቀመንበሩ።"

ቀና ብሎ በሩ ላይ የቆሙትን የወንድም ትግሉን ጫማ አየ። ረጅም አየው። መልሶ ጎንበስ አለ።

አራተኛ ዓረፍተ ነገር አልነበረም። ስንመለስ ለሞተረኛው እንኳን ቀስ በል አላልኩትም።

የጊፋታ ዋዜማ፣ ቅዳሜ

አሁን ነው የገባሁት። እጄ የፍሬን ዘይት ይሸታል፤ ታጥቤዋለሁ፣ ይሸታል።

ግቢው ውስጥ ኮሚቴው ተሰብስቧል። ሳሚ ጎማው ሥር ተንጋሏል፤ ወንድም ትግሉ የሹፌሩ ወንበር ላይ ወጥተው ፔዳሉን እንደ ወይን መጭመቂያ ይረግጣሉ። "ቆይ አጎቴ! ቆይ! ልቀቅ አላልኩም!" ይላል ልጁ። "እኔ መቼ ለቀቅኩ?" ይላሉ እሳቸው፣ እየለቀቁ። ሥራው ቀላል ነው፤ አንዱ ይረግጣል፣ ሌላው ከሥር ብሎኗን ከፍቶ አየር የተቀላቀለበትን ዘይት ያስወጣል፣ መልሶ እስኪዘጋ ግን እግር አይነሳም። ከተነሳ አየሩ ይመለሳል፣ ነገ ቁልቁለቱ ላይ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ይሄ ሁሉ ሰው ነገ በዚህ ፔዳል ላይ ነው የሚወርደው።

በሩ ተከፈተ። ኤርካሎ። ቦቲው እስከ ቁርጭምጭሚቱ የበዴሳ ጭቃ። ሰላምታ ሰጠ፤ ኮቱን ሰቀለ፤ የሳሚን ትከሻ መታ አድርጎ ከጎማው ሥር አወጣው። ከዚያ ሊቀመንበሩን ቀና ብሎ አያቸው። ወረዱ።

"የምለውን ብቻ የሚያደርግ ሰው እፈልጋለሁ" አለ። "እህት ወይንሸት፣ ወንበሩ ላይ ውጪ።"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሶዶ ውስጥ የታዘዘችውን አድርጋ የማታውቅ አንድ ሴት ብትፈለግ መንገደኛው ሁሉ ወደ ሱቄ ይጠቁማል። ወንድም ትግሉ ዕንባቸውን እየጠረጉ "ወንድም ኤርካሎ፣ ይህስ ፍርድ ነው፣ ለማን እንደሆነ እንጃ እንጂ!" አሉ።

ወጣሁ። መሪው ቀዝቃዛ ነው። ፊቱን አላየውም፤ ድምፁ ብቻ ከታች ይመጣል።

"ርገጪ።" ረገጥኩ። "ያዢ።" ያዝኩ። ዘይቱ ፍስስ ሲል ሰማሁ። "ልቀቂ።" ለቀቅኩ።

ርገጪ። ያዢ። ልቀቂ። ከዚህ ሰው በአንድ ዓመት የሰማሁትን ያህል ቃል በዚህች ቆይታ ሰማሁ፤ ሁሉም ትእዛዝ፤ አንዱንም አልመለስኩለትም። ፔዳሉ እያደር እየጠነከረ መጣ፤ ከእግሬ በታች መሬት እንዳለ ተሰማኝ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ለበዓሉ ወደየቤታቸው ገቡ። ወንድም ትግሉ ሲወጡ በመስኮቱ ብቅ ብለው "ነገ ጋቢና ማን ይቀመጣል?" ብለው ወደ ታች ጠየቁ። ከታች የመፍቻ ድምፅ ብቻ መጣ። እኔን አዩኝና "እህ" አሉ። ከኋላ እንደሚቀመጡ ራሳቸው ወሰኑ።

"ጨረስን፣ ልቀቂ" አለ ኤርካሎ።

እግሬ ፔዳሉ ላይ ነበር።

"እህት ወይንሸት፣ አየሩ ወጥቷል እኮ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

ከጎማው ሥር የመፍቻው ድምፅ ቆመ።

"አንዴ እንድገመው" አለ።